አያ በላቸውን የማትለቀው ዕጣ

ለክቡር መልአከ ብርሃን ወልደኢየሱስ፣ የደብራችን አስተዳዳሪ
ግልባጭ፦ በደጀ ሰላሙ አጥር ሥር ቆሞ ለሚያነብ ምእመን ሁሉ
ጉዳዩ፦ የዕጣችንን መታመም ስለማሳወቅ

ክቡር አባታችን፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ፣ ያ ክፉ ጉንፋንስ ለቀቀዎ ወይ እያልሁ መስቀልዎን ከሩቅ እሳለማለሁ፤ ከቅርብ ያልተሳለምሁት ንቀት ይዞኝ ሳይሆን ይህን ወረቀት ለጥፌ መሮጥ ስላለብኝ ነው።

ቀጥዬ፣ ከቁስቋም እስከ አራዳ ያለው ምእመን ልቡን አጽንቶ፣ ሽማግሌውም ተቀምጦ እንዲሰማው የምማጸነውን ከባድ ዜና በታላቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። ዕጣችን ታማለች። ሕመሟም ከአንድ ሰው ስም በቀር ሌላ ስም አለማወቅ ነው፤ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለአራተኛ ጊዜ ወጥታ፣ ለአራተኛ ጊዜ አያ በላቸው ላይ ወድቃለች።

የደብራችንን ልማድ ለማያውቅ እንግዳ ላስረዳ። የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር በደንቡ እርስዎ ነዎት፤ ቆርቆሮው ሲያፈስ፣ የመቃብር ቦታ ቤተ ዘመድ ሲያጣላ፣ ድምፅ ማጉያው በወንጌል መካከል ሲያፏጭ ከማዕዱ የሚነሣው ግን ምክትልዎ ነው። ምክትሉ በየሦስት ዓመቱ ይተካል ይባላል። ሦስት ሰው ይታጫል፤ ታጭቶ እምቢ ማለት ቤተ ክርስቲያንን እንደ መናቅ ስለሚቆጠር ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተው «እሺ» ይላሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ስም ጽፎ፣ አጥፎ፣ አክስቴ ወይዘሮ እንኳየሁ በምታውሰው ሙዳይ ውስጥ ይጥላል፤ እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው አንዷን ያወጣሉ፤ «እግዚአብሔር የመረጠው» ብለው ያነብባሉ፤ እኛም እልል እንላለን።

አያ በላቸው ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ወደ አዳራሹ የሚያወጣውን ደረጃ በሁለት ዕረፍት ነው የሚጨርሱት። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ዛሪማ ያለችው ልጃቸው ጽጌሬዳ «አባየ፣ ምነው ቀሩ፤ ቤቱን ለስኜ እየጠበቅሁዎ ነው» እያለች በየሳምንቱ ትደውላለች። እሳቸውም አሰናብቱኝ ብለው ሁለት ጊዜ በጽሑፍ፣ በቃል ደግሞ ስንት ጊዜ ለምነው «ዕጣው ይወስናል» ተብለዋል። ዕጣውም ይኸው ወሰነ። እኔ ከዘጠነኛ ክፍልም ከቅኔ ቤትም በአንድ ዓመት የተሰናበትሁ፣ መማር ያቃተኝ መጠርጠር ያላቃተኝ ሰው በመሆኔ፣ ጥርጣሬዎቼን በቁጥር አስቀምጬ አቀርባለሁ።

፩ኛ/ አስቀድሜ የጠረጠርሁት ራሳቸውን አያ በላቸውን ነው። ልሂድ ልሂድ እያለ ስድስት ዓመት የማይሄድ ሰው፣ ተነሥቶ መቃኑን ይዞ አንድ ሰዓት የሚያወራ እንግዳ ይመስላል። ሰፈሩም ከእኔ ጋር ነበር። «አንድ እግራቸው ዛሪማ፣ አንድ እግራቸው ወንበሩ ላይ» ሲባል የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ አባባሉንም ያወጣሁት እኔ ነኝ።

፪ኛ/ ቀጥሎ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ እርስዎን ጠረጠርሁ። የግራ ዓይንዎ ሲጨፈን በደንብ እንደማይገጥም ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ በጸሎት መካከል ስስቅ የያዙኝ በእሷ ነው። ደግሞስ አያ በላቸውን የመሰለ ምክትል ያለው ሊቀመንበር ምን ጎደለው? ቆርቆሮ ላይ እሳቸው፣ መቃብር ላይ እሳቸው፤ ከፎቶ ላይ ብቻ እርስዎ። ያልወጡት ወረቀቶች ሳይከፈቱ እንዲጣሉ ማዘዝዎንም፣ ያልተመረጠው እንዳያፍር ያሰቡበት ርኅራኄ ስለሆነ ከልብ አመሰግናለሁ። ርኅራኄዎ አራት ጊዜ ሙሉ አንድም ሳያዛንፍ መሥራቱ ብቻ ትንሽ አሳከከኝ።

፫ኛ/ ሌሎቹን ሁለት ዕጩዎች፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩትን መምህር አወቀንና አራዳ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጡትን አቶ ደመቀን ለትሕትናቸው ሳላመሰግን አላልፍም። ስማቸው ሳይወጣ በመቅረቱ እንዲህ የተደሰተ ሰው አይቼ አላውቅም። መምህር አወቀ አያ በላቸውን ሦስት ጊዜ ሳሙ። አቶ ደመቀ «ሲያንስዎ ነው አያ፣ ሲያንስዎ» እያሉ ትከሻቸውን ሲመቱ ሽማግሌው ሊወድቁ ነበር። እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ፤ ከትራፊክ ቅጣት ያመለጠን ሾፌር ፊት በመንገድ ማዶ ሆኜ እለያለሁ። ያ ፊት ነበር።

፬ኛ/ ማክሰኞ ዕለት አክስቴ ቤት ዳቦ ቆሎ ስፈልግ ያንን ሙዳይ ከፈትሁ። ዳቦ ቆሎ አልነበረም። ጥሉ ያሏቸው ሁለት ወረቀቶች ግን ከሥሩ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አንዷ አቶ ደመቀ በሱቃቸው ዕቃ ላይ ዋጋ በሚጽፉባት በቀይ እስክሪብቶ ተጽፋለች፤ ያለችውም «በላቸው» ነው። ሁለተኛዋ የአጥራችንን ማስታወቂያ ሁሉ በሚጽፈው በዚያ ወፍራም የአያ በላቸው እጅ ተጽፋለች፤ ያለችውም «ደመቀ» ነው። እንግዲህ እርስዎ አውጥተው «በላቸው» ብለው ያነበቧት ሦስተኛዋ የመምህር አወቀ ነበረች ማለት ነው። ሦስት ዕጩ፣ ሦስት ወረቀት፣ የራሱን ስም የጻፈ አንድም የለም። ሁሉም በአፉ «እሺ» ብሎ በወረቀቱ «እምቢ» ብሏል፤ እግዚአብሔርም እንዲመርጥ የተሰጠው ያንኑ ነው።

ወረቀቶቹን ይዤ ወደ አያ በላቸው ሄድሁ፤ ላሾፍባቸው ነበር አሳቤ። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ቅባት ሲያሹ አገኘኋቸው። የራሳቸውን ጽሕፈት አይተው ወረቀቷን መልሰው አጠፏት። «ሦስቱን ጊዜ የራሴን ስም ጽፌ ነበር ልጄ፤ በአራተኛው ደከመኝ» አሉ። «ሌሎቹስ በየጊዜው የማንን ይጽፉ ነበር?» ብላቸው «እኔን ነዋ፤ ሳላውቅ ቀርቼ ነው?» አሉኝ። «ምነው ታዲያ አልተናገሩ?» ብል «ሰው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዴት ይዋረዳል» ብለው ቅባታቸውን ቀጠሉ። የማሾፍ አሳቤ እዚያው በረንዳ ላይ ቀረ፤ ያገኘው ሰው ይመልስልኝ።

ስለዚህ ክቡር አባታችን፣ አያ በላቸው ሐሙስ ጠዋት ሻንጣቸውን ይዘው፣ በእኔ ባጃጅ መናኸሪያ ደርሰው፣ የዛሪማ መኪና ላይ ከሹፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ተቀምጠው መሄዳቸውን በአክብሮት አስታውቃለሁ። ጽጌሬዳ መድረሳቸውን ደውላ ነግራኛለች፤ እግራቸውን ዘርግተው ተኝተዋል አለች። ደረጃ የለም እዚያ።

የቃለ ጉባኤውን መዝገብና የአዳራሹን ቁልፍ ለእርስዎ አድርስ ብለው ሰጥተውኝ ነበር። በመንገዴ አክስቴ ቤት ብገባ «ምንድን ነው የተሸከምኸው?» አለችኝ። ነገርኋት። «ይኸው ነው ሥራው? እስኪ ወዲህ በለው» ብላ ተቀበለችኝ። ከቀትር በኋላ ቆርቆሮ ሠሪው ጣሪያው ላይ ነበር፤ በመቃብር ቦታ ሁለት ዓመት የተኳረፉትም ወንድማማቾች አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ስትቆጣቸው አይቻለሁ። ያን ያህል ሸጋ አድርገሽ የምትችይ ከሆነ ምነው ቀደም ብለሽ አልተናገርሽ ብላት፣ «ማን ጠየቀኝ? የጠየቁኝ ሙዳዬን ነው» አለችኝ።

ሲጀመር ከባድ ዜና ማለቴን አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ነገሩ ያን ያህል አልነበረም፤ ሦስት ትልልቅ ሰዎች «አልችልም» የምትል አንዲት ቃል ስላፈሩ፣ አንዲት ሴት ደግሞ «እችላለሁ» እንድትል ስላልተጠየቀች፣ አንድ ሽማግሌ ጥቂት ዓመት ደረጃ ወጡ። ይኸው ነው።

በትሕትና ከመሬት ዝቅ ብሎ፣ የባጃጁን ሞተር ሳያጠፋ፣ ቡራኬዎን በሩጫ የሚቀበል ልጅዎ
ሰውአገኝ

ማስታወሻ፦ ክቡርነትዎ ወደዚህ ደብር ከመጡ ዘንድሮ ሃያ ሁለት ዓመትዎ ነው፤ የሚተካዎትን ሰው ስም ማንም ሲያነሣ አልሰማሁም። እኔም አላነሣሁም። እንዲሁ ትንሽ ነገር ናት፤ ስሮጥ ትዝ ብላኝ ነው።