ለተቃጠለው የእርሳስ መብራት ክቡር ጠባቂ

ለተከበሩ የላቦራቶሪው ዋና ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ የእርስዎም፣ የቤተሰብዎም፣ የቢሮዎ አዲስ መጋረጃም ጤንነት እንደተሟላ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ። ትምህርቴ የሰው ሬዲዮ ሆድ ዕቃ ከመበርበር ስላላለፈ፣ ለማዕረግዎ የማይመጥን ቃል ቢያመልጠኝ ያልተማረ ነው ብለው እንዲያልፉኝ በትሕትና እለምናለሁ። የእህቴ ልጅ ግን ተምራለች። እርስዎም ያውቋታል፤ ስፔክትሮሜትር በሚባለው የውሃ መመርመሪያ ማሽን ላይ ትሠራ የነበረችውና ዛሬ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀምጣ ባዶ ጠርሙስ የምትቆጥርልዎ ኬሚስት እሷ ናት።

ደጅዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ የተጠራቀመ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

፩ኛ፦ ሳይንስን ስላቀለሉልን እናመሰግናለን። የእህቴ ልጅ እንዳስረዳችኝ ያ ማሽን የሚሠራው በብርሃን ነው። ውሃው ተረጭቶ ነበልባል ውስጥ ይገባል፤ በነበልባሉ ውስጥ የመብራት ጨረር ያልፋል፤ ውሃው ውስጥ ያለው ብረት ከዚያ ብርሃን ድርሻውን ይውጣል፤ ማሽኑም የጎደለውን ብርሃን አይቶ ብረቱ ይህን ያህል ነው ይላል። ታዲያ እያንዳንዱ ብረት የሚውጠው የራሱን ብርሃን ብቻ ስለሆነ፣ ለመዳብ የመዳብ መብራት፣ ለእርሳስም የእርሳስ መብራት ያስፈልጋል። እርሳስ ስል ተማሪ የሚጽፍበትን ሳይሆን ከመኪና ባትሪ የሚወጣውን መርዝ ማለቴ ነው። ዓይኔን ሳቁለጨልጭባት ጊዜ ወደ እኔው ሙያ ወርዳ፣ አጎቴ፣ አንድ ጣቢያ ላይ የተተከለ ሬዲዮ ስለ ሌላው ጣቢያ ምን ሊመሰክር ይችላል አለችኝ። ያኔ ገባኝ።

የእርስዎ የእርሳስ መብራት ከተቃጠለ ሰንብቷል። እንዲገዛ የተጠየቀበት ወረቀትም ጠረጴዛዎ ላይ በክብር እንዳረፈ አለ። እኛ ተራ ሰዎች መብራት ሲጠፋብን ሻማ እናፈላልጋለን። እርስዎ ግን ጨለማ ክፍል ገብቶ፣ እጅን ኪስ ውስጥ ከትቶ ትንሽ ቆሞ፣ ከዚያም ወጥቶ ውስጥ ማንም የለም ብሎ ማኅተም መምታት እንደሚቻል አሳዩን። እንዲህ ያለ ምርመራ ኤሌክትሪክም አያባክንም።

፪ኛ፦ ለእህቴ ልጅ ስለሰጧት ዕረፍት። የሰፈራችን ጉድጓድ ውሃ ለምርመራ ሲመጣላት፣ መብራቱ ስለሌለ በእርሳስ አንጻር «አልተለካም» ብላ ጻፈች። እርስዎም በአባትነት መንፈስ «አልተገኘም» ብለው አረሙላትና ፈርሚ አሏት። አልፈርምም አለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ በማግስቱ ወደ ጠርሙሶቹ ተዛወረች። ምርጫዎ ትክክል ነው፤ ባዶ ጠርሙስ አለቃውን አይከራከርም።

፫ኛ፦ ጉድጓዳችንን ስለከፈቱልን። ከጉድጓዱ ከፍ ብሎ አሮጌ ባትሪ እየፈታ የሚያቀልጥ ፋብሪካ አለ። እጣቢው ወደ ጉድጓዱ መውረድ ሲጀምር የሰፈሩ ሰው ተመካክሮ ክዳኑ ላይ ሰንሰለት አስሮ ነበር። እርስዎ ራስዎ «አልተገኘም» ብለው የፈረሙበት ወረቀት ሲመጣ ባለፋብሪካው በመስታወት አስገብቶ በሩ ላይ ሰቀለው፤ ሰንሰለቱም በጭብጨባ ተፈታ። መጀመሪያ ባልዲዋን የጣለችው ማን ትመስልዎታለች? እህቴ ናት። ልጄ የምትሠራበት ቤት የመሰከረለት ውሃ እያለች ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ አስቀዳች።

ኬሚስቷ ልጇ እየሮጠች መጥታ፣ እማዬ አትጠጪ፣ አልተለካም እኮ ብትላት፣ አንቺን ያስተማርኩሽ ማኅተም ያለውን እንዳምን አይደለም ወይ፣ ማኅተም የሌለውንማ ከጎረቤትም እሰማለሁ ብላ አሳፍራ መለሰቻት። እህቴ ላይ አልፈርድም። ሴትዮዋ ዕድሜ ልኳን ልብስ አጥባ ልጅ ያስተማረችው፣ አንድ ቀን የተማረ ሰው የጻፈውን ለማመን ነው። እርስዎ ያን እምነት በአንድ ብዕር ጨረሱት።

ኬሚስቷ ሥራ ስትውል ትንሿን ሴት ልጇን የምትተወው አያቷ፣ እህቴ ዘንድ ነው። በየጠዋቱ ከሌላ ሰፈር በጄሪካን ውሃ ተሸክማ ታመጣላታለች። እህቴም፣ ይቺ ልጅ ተምራ አበደች እያለች፣ ጄሪካኑን ልብስ ታጥብበታለች። ትንሿ ልጅ የምትጠጣው የጉድጓዱን ነው። በሰፈራችን እንደ ልብሶቻችን ንጹሕ ውሃ ያገኘ የለም።

፬ኛ፦ ትልቁ ምስጋናዬ ይኸው ነው። ልጅቷ ሆዷን ይቆርጣት፣ ፊቷ ይገረጣ ጀመር፤ ቀጥሎም ማንኪያ ከእጇ እየወደቀ አስቸገረ። የጤና ጣቢያው ሐኪም ከየት እንደምትጠጣ ጠይቆ እርሳስ ጠረጠረ፤ ደሟንም ወስዶ በአቅራቢያ ወዳለው ብቸኛ ላቦራቶሪ ላከ። ወደ እርስዎ ማለት ነው። መብራቱ እንደተቃጠለ ነው፤ የምትከራከር ኬሚስትም የለችም፤ መልሱ በፍጥነት መጣ። አልተገኘም። እናቲቱ ያንን ወረቀት እጇ ላይ ይዛ የቆመችበትን አቋቋም አይቻለሁ፤ እንዴት እንደምጽፍልዎ ግን አላውቅም።

ሐኪሙም የወስፋት መድኃኒት ሰጣት፤ ወስፋቶቹም ባላጠፉት ተቀጡ። እህቴ ዛሬም ከጉድጓዱ ትቀዳለች፤ ሁለቴ ተመርምሮ የለም ተብሏል፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ ትለናለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ተረት ለሕመምተኛው የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ለላቦራቶሪም እንደሚሠራ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

አሁን ወደ ልመናዬ ልግባ። የእህቴን ልጅ ወደ ማሽኑ ይመልሱልኝ አልልም፤ ጠርሙሶቹ ሳይለምዷት አይቀሩም። መብራት ይግዙም አልልም። ሐኪሙ የኬሚስቷን ቃል አምኗል፤ ነገር ግን ትልቁ ሆስፒታል «አልተገኘም» የሚል ወረቀት ይዛ የመጣችን ልጅ ለእርሳስ ሕክምና አይቀበልም። «አልተለካም» የሚል ቢሆን በዚያው ቀን ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ልኬ አስመረምራት ነበር ብሎኛል። ስለዚህ የምለምንዎ በሁለቱ ወረቀቶች ላይ፣ በውሃውም በደሟም፣ እውነቱን እንዲጽፉ ብቻ ነው። አልለካንም ይበሉ። ለዚህ ማሽን አያስፈልግም፣ መብራትም አያስፈልግም፣ ብዕሩ እጅዎ ላይ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ልጅቷ ግን ማደሪያ ጊዜ የላትም።

ማኅተም ስለሌለኝ በመበየጃ የጠቆረ አውራ ጣቴን ከታች አሳርፌ፣ ረጅም ዕድሜና የታሸገ ውሃ እንዳይለይዎ እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፤
የጠርሙስ ቆጣሪዋ አጎት

ግልባጭ፦ ለባትሪ ማቅለጫው ፋብሪካ በር

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤው ጠረጴዛዎ ላይ ተፈልጎ ከታጣ፣ ግልባጩን ፋብሪካው በር ላይ ከተሰቀለው ምስክር ወረቀትዎ ጎን ያገኙታል። የለጠፈችው ታማሚዋ ትንሿ ልጅ ራሷ ናት፤ እኔ ካልለጠፍኩ ብላ አስቸግራኝ ነው። ወረቀቱ ጠመም ብሎ ማጣበቂያውም ተጨማዶ ቢያዩት አይቀየሙ፤ እጇ እንደ ድሮው አይታዘዛትም። ምክንያቱ በላቦራቶሪዎ ተፈልጎ አልተገኘም።