ገስግስ ከመሸጡ በፊት

ሰኞ፣ ጥር 4 ቀን 2007፣ ዳንግላ

ፋርማሲው ዛሬ ጉንፋን በጉንፋን። ያስነጠሰው ሁሉ እኔ ጋ መጣ። አንዱ ሰውዬ "ያችን ባለፈው የሰጠሽኝን ክኒን" ይላል። የቷን? "ያችን ነጯን!" ነጭ ያልሆነ ክኒን ፈልጎ ማግኘት ነው ችግሩ...

ከሰዓት አባባ ደወሉ። ከብዙ ሄሎ ሄሎ በኋላ ጉዳዩ ወጣ። ለገስግስ የዓይን ቅባት ላኪልኝ፣ ዓይኑ ያነባል አሉ። ለፈረስ? የእንስሳት ሐኪም እያለ እኔ ጋ? "ዝም ብለሽ ላኪው" አሉ። ቆጣ ብለዋል።

ሊዘጉ ሲሉ ጣል አደረጓት። "ገስግስን ለአዝመራው ልሰጠው ነው። ለቻግኒው ነጋዴ። ቃሌን ሰጥቻለሁ።"

ምን? ገስግስን?

ተቋረጠ። ኔትወርኩ ይሁን እሳቸው እንጃ።

ማታ ራት አልበላልኝ አለ። ለምን እንዲህ ከፋኝ? ዳንግላ ተቀምጬ በዓመት ስንቴ አየዋለሁ? ግን በእኛ አገር ፈረሰኛ የሚጠራው በፈረሱ ስም ነው። አባቴን ውቤ ብሎ የሚጠራቸው ቀበሌ ብቻ ነው። ለቀረው ሰው ሁሉ አባ ገስግስ ናቸው። ፈረሱ ቻግኒ ሲወርድ ስሙስ?

ሐሙስ፣ ጥር 7

እማዬ ደወለች። አባባ ጉልበቴ ደከመ ብለው ነው አሉ የሚሸጡት። ግን ከመሸጣቸው በፊት እንደ ጎረምሳነቴ ከአዘና ወዲያ ያለው ገደል ወርጄ፣ ከፈረሱ ጋር ሜዳ ላይ ካላደርኩ አልሸኘውም ብለዋል።

"ይሄነው አብሯቸው ይሄዳል" አለች።

"ጥሩ ነዋ።"

"አንቺም ትሄጃለሽ።"

እኔ? ካልሲ ለመቀየር ወንበር የምፈልገው ሴትዮ? "ይሄነውን ታውቂው የለ" አለች እማዬ። እሱስ አውቀዋለሁ። የእሷ ታናሽ ወንድም ነው፤ አጎቴ ይባል እንጂ የሰው ድንች አብረን እየሰረቅን ነው ያደግነው። ሁለቱን ብቻቸውን መልቀቅ በእርግጥ አይቻልም።

ፈቃድ ጠየቅኩ። አለቃዬ "ገደል ልትወርጂ?" ብላ እንደገና አየችኝ።

እሑድ፣ ጥር 10፣ እንጅባራ

በሚኒባስ መጣሁ። ድንኳን ይዣለሁ! ሰርክአዲስ፣ የፋርማሲው ገንዘብ ተቀባይ፣ ካንድ ዘመዷ ለምና አመጣችልኝ። ሰማያዊ፣ ትንሽዬ። ይሄነው ዘርግቶ አየውና "የሽንኩርት ከረጢት ነው?" አለ።

ቤታችን ድረስ የዲከረንስ ዛፍ ሆኗል። ልጅ ሆነን ፈረስ የምናስሮጥበት ሜዳ ዛሬ ጫካ፣ ነገ ከሰል ነው።

ገስግስን አየሁት። ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ቦቃ። ዓይኑ ጥርት ያለ፣ እንባ የሚባል የለበትም። "ድኗል" አሉ አባባ፣ ያመጣሁትን ቅባት ኪሳቸው እየከተቱ።

ከዳነ ቅባቱ ለምን ኪስ ገባ? አልጠየቅኩም። ደክሞኝ ነበር።

ሰኞ፣ ጥር 11፣ ጥምቀት

ሴቶቹ ገና እልል ከማለታቸው ገስግስ ተፈተለከ። እልልታ ሲሰማ አይቆምም፤ በሠርግና በታቦት እንዲያ ተደርጎ ነው የተገራው። እማዬ ልጅ ሳለሁ "የተጫነ ፈረስ አጠገብ እልል እንዳትይ!" እያለች ስንቴ ቆንጥጣኛለች። አባባ ጋማውን ይዘው እንደ ወጣት ጋለቡ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኚህ ናቸው እንግዲህ ጉልበቴ ደከመ የሚሉት?

ሲወርዱ ወደ እኔ ዞረው "እታለማሁ፣ ውሃ" አሉኝ። እታለማሁ እማዬ ናት። ሁለታችንም ነጭ ስለለበስን ይሆናል... ውሃውን ሰጠኋቸው።

ረቡዕ፣ ጥር 13፣ ገደሉ አፍ ላይ

ተነሣን። አባባ በገስግስ፣ ይሄነው በአሮጌው ፈረሱ፣ እኔ ሸጋ በምትባል በቅሎ። ሸጋ መልኳን እንጂ ጠባይዋን አይገልጽም። መሄድ ስትፈልግ ትሄዳለች፣ ሳትፈልግ ቅጠል ታያለች።

አዘና ገበያ ላይ የሰዉ ሁሉ ዓይን እኛ ላይ። አንዱ "አባ ገስግስ፣ ሙሽራ ልታመጡ ነው?" አላቸው። "ሙሽራ ልሸኝ ነው" አሉ አባባ። ሰውዬው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

አባባ ገስግስን የሚያናግሩት በአገውኛ ብቻ ነው። "አማርኛ አይሰማም" ይላሉ። እኔ አገውኛዬን ዳንግላ ስቀመጥ ዝገት በልቶታል፤ ይሄነው በአነጋገሬ ሲስቅብኝ ዋለ።

ወደ ማምሻው ሰፈርን። ጾም ስለሆነ በሶና ቆሎ። ፈረሶቹን ካስማ ላይ አሰርን። ድንኳኔን ተከልኩ፤ ወደቀ። ተከልኩ፤ ወደቀ። በመጨረሻ ይሄነው በመጫኛ ከቁጥቋጦ ጋር ጠፍሮ አቆመልኝ። እነሱ ሸራ ዘርግተው ተኮራምተዋል። ከኮርቻው የተነሣ መቀመጫዬ የእኔ አይደለም።

ግን ኮከቡ! ዳንግላ ላይ ይህ ሁሉ የት ተደብቆ ነው?

ሐሙስ፣ ጥር 14፣ ገደሉ ሥር

ይህን የምጽፈው ወንዙ ዳር ቁጭ ብዬ ነው። ሁሉም ሰው ደኅና ነው። መጀመሪያ እሱን ልጻፍ።

ጠዋት ጭነን ትንሽ እንደ ሄድን ጉሙ ተገፈፈና ገደሉ ባንድ ጊዜ ተከፈተ። ቢጫ ገደል፣ በታች አረንጓዴ፣ ከዚያም በታች ወንዙ ክር አክሎ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ምን እንደነካኝ አላውቅም... እልል አልኩ። ከልቤ፣ እስከ ሳንባዬ።

ገስግስ ተነሣ።

አባባ ላዩ ላይ ናቸው፣ በገደሉ ጠርዝ ነው መንገዱ። ይሄነው "ዮዲት!" ብሎ ጮኸ። ፊት ለፊት የዋርካ ቅርንጫፍ መንገዱ ላይ አጎንብሷል። ሕፃን የሚያየው ቅርንጫፍ ነው። አባባ ጎንበስ አላሉም። ደረታቸውን መታቸውና ጀርባቸው ላይ ወደቁ፤ ደግነቱ ከገደሉ ወዲህ፣ ሣሩ ላይ። ገስግስ ጥቂት ሮጦ ቆመ፣ ዞሮም መጥቶ አጠገባቸው ቆመ።

ስደርስ ይስቃሉ! "እልልታሽ የእናትሽን ያስንቃል" ይላሉ። ትከሻቸውን ተላልጠዋል፣ የተሰበረ የለም።

"ቅርንጫፉን አላዩትም?" አልኳቸው።

ሣሩን ከልብሳቸው አራገፉ።

ከኪሳቸው የወደቀውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። የዓይን ቅባቱ። ግማሹ አልቋል። የገስግስ ዓይን ደግሞ እንደ ጠጠር ጤነኛ ነው።

"ለእርስዎ ነበር" አልኩ።

"ነበር" አሉ።

ወንዙ ዳር ወርደን ፊታቸውን ወደ ብርሃን አዞርኩት። የዓይናቸው ብሌን ነጣ ብሏል። ሞራ ነው። ቅባት ምንም አይሠራለትም። ከክረምት ጀምሮ ነው አሉ፤ ሁሉን ነገር በነጠላ ውስጥ እንደማየት ነው አሉ። መንገዱን ገስግስ ነው የሚያይላቸው። "ግን ዓይን የሌለው ሰው ፈረስ ላይ ሲወጣ የሚበደለው ፈረሱ ነው። ስለዚህ ለሚያይ ሰው ሰጠሁት" አሉ።

ተናደድኩ። ልጃቸው መድኃኒት ሻጭ ሆና እያለ! ይህ እኮ በኦፕራሲዮን የሚወጣ ነገር ነው! ባሕር ዳር ሄዶ መምጣት ነው! ጮህኩባቸው። ከዚያ አለቀስኩ። ይሄነው ምን እንደሚያደርግ ስለጠፋው እሳት ያነድ ጀመር።

"እሺ እታከማለሁ" አሉ አባባ። "ቃሌ ግን ቃል ነው። ፈረሱን ለአዝመራው ብያለሁ።"

ዓርብ፣ ጥር 15

እዚያው ዋልን። ወንዙ ይሞቃል፣ ደጋ አገር መኖራችንን ረሳን። ዝንጀሮዎች ዳቧችንን ይዘው ወጡ፤ አንዱ ትልቁ ዓለት ላይ ተቀምጦ እያየን በላው። ሸጋ ደግሞ የድንኳኔን በር በልታለች። ሰርክአዲስን ምን እላታለሁ?

ገስግስን አጠብኩት። ቦቃውን ሳሸው ዓይኑን ጨፈነ። አባባ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ።

"ውጪበት" አሉ።

"እኔ?"

"ሌላ ማን አለ? ወንድምሽ አዲስ አበባ ሆኖ ፈረስ የሚያየው ጋሪ ላይ ነው።"

ወጣሁ። "ሂድ" አልኩት፤ አልሄደም። "በአገውኛ!" አሉ። ትዝ ያለኝን ቃል አልኩት። ይሄነው መሬት ላይ ተንከባለለ በሳቅ፤ ለካ በሬ የሚነዳበት ነው። አባባ ትክክለኛውን ነገሩኝ። ገስግስ ሶምሶማ ጀመረ። አሸዋው ላይ ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ... ልጅ ሆኜ እናቱ ላይ እንዲህ እቀመጥ ነበር። ሰውነቴ አልረሳውም ነበር። እኔ ነኝ የረሳሁት።

አልፈልግም እንዲሸጥ። ይኸው ጻፍኩት። አልፈልግም!

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ሽቅብ እኔ በገስግስ፣ አባባ በሸጋ። "አባ ገስግስ በበቅሎ!" ይላል ይሄነው በየመታጠፊያው። አባባ ከኋላ ያዝዛሉ። ጠባቡ ጋ ስደርስ ፈርቼ ዛቡን ጠበቅ አደረግኩ። "ልቀቂለት! መንገዱን ካንቺ ይልቅ እሱ ያውቀዋል" አሉ። እንዴት አወቁ መያዜን? "ኮቴው ነገረኝ" አሉ።

ለቀቅኩለት። ወጣን።

አናቱ ላይ ስንደርስ ዞሬ ገደሉን አየሁ፣ ደረቴ ሞላ፣ አፌን ስከፍት... "በእናትሽ ዮዲት!" አለ ይሄነው። ዘጋሁት።

ማክሰኞ፣ ጥር 19፣ እንጅባራ

አቶ አዝመራው መጡ። ገና ጠላ ሳይቀርብላቸው ገስግስን ዞረው ዞረው አዩ፣ ኮቴውን አነሡ፣ ጥርሱን አዩ። ወደ ጓዳ ገባሁ። ሲወስዱት ማየት አልፈለግሁም።

አባባ ጠሩኝ።

"አዝመራው፣ የሰጠሁህ ቃል ምን ነበር?"

"አባ ገስግስ ፈረሱን ይሸጥልኛል ነዋ።"

"ቃሌን አላጥፍም። ግን አባ ገስግስ እኔ አይደለሁም ከእንግዲህ። እኔ አይቼ አልጋልብም። አባ ገስግስ ይችው። እሷን ጠይቃት።"

አቶ አዝመራው አፋቸውን ከፈቱ። እማዬም። እኔም።

"ሴት ልጅ አባ ትባላለች እንዴ?"

"ፈረሱን ጠይቀው።"

አቶ አዝመራው ወደ እኔ ዞሩ። ከልባቸው ጠየቁ፣ እንደ ደንቡ። "አባ ገስግስ፣ ይሸጣል?"

"አይሸጥም" አልኩ። ድምፄ ቀጠነ።

አተኩረው አዩኝ። ተቆጡ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ሳቁ፣ ግን ነጋዴ ናቸው፣ በባዶ አይለቁም። "እንዲያ ከሆነ ጥር ሃያ ሦስት ሜዳው ላይ ልይሽ። ፈረሰኛው ሁሉ በሚወጣበት ቀን። ካልጋለብሽበት ልጓሙን ከነፈረሱ ታስረክቢኛለሽ።"

"እሺ" አልኩ።

እሺ አልኩ እኮ! ማን ነው እሺ ያለው?

ዓርብ፣ ጥር 22

ፈራሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ሜዳው ፈረስ ብቻ። ግላሱ፣ ዘርፉ፣ አቧራው። ሴት ጋላቢ አለች፣ ግን ጥቂት ናት፤ ሰው አየኝ፣ ተጠቋቆመ። ይሄነው እርካቤን አስተካክሎ "ጸልዪበት" ብሎኝ ሄደ። በየትኛው ቋንቋ?

አባባ ከእማዬ ጋር ዳር ቆመዋል። እጃቸው እማዬ ክንድ ላይ ነው። ሰኞ ባሕር ዳር ለዓይናቸው እንሄዳለን፣ ቀጠሮው ተይዟል። እኔን ከዚያ ርቀት እንደማያዩኝ አውቃለሁ።

ተራችን ደረሰ። የአገውኛዋ ቃል ከራሴ ጠፋች። ገስግስ ቆሟል። ዝም ብሎ ቆሟል! አቶ አዝመራው ከማዶ ፈረሳቸው ላይ ሆነው እያዩ ነው።

ያኔ እማዬ... ያች ቆንጣጭዋ እማዬ... እልል አለች።

ከዚያ ወዲያ ያለው ነፋስ ነው። ዛቡን ለቀቅኩለት፣ ጋማውን ያዝኩ። ሜዳው ዳር ድረስ፣ ደርሶም መለስ። አልወደቅሁም! እያለቀስኩ ነበር ወይስ እየሳቅኩ? ሁለቱንም መሰለኝ።

እነ አባባ ጋ ደርሼ አቆምኩት። አቶ አዝመራው እየጋለቡ መጡና ከሩቅ ተጣሩ። "አባ ገስግስ!"

"አቤት!" አልን፣ እኔና አባባ፣ እኩል።

ሁለታችንም ደነገጥን። አባባ እጃቸውን ዘርግተው ገስግስን ፈለጉት፤ አንገቱን አገኙት፣ ከዚያ ጉልበቴን።

"አንቺን ነው" አሉ። "እኔ ውቤ ነኝ።"