በሠላሳ አምስት ደቂቃ በረራ ስላመለጠኝ ፊርማ

ለተከበሩ የአገር ውስጥ በረራዎች የጊዜ ሰሌዳ ኃላፊ፣
ባሉበት

ጤናዎ የተሟላ፣ ሰዓትዎም ከእኛ ሰዓት ጋር አንድ ቀን የሚገናኝ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩት አገልጋይዎ፣ ከሐፍረቴ በቀር ደህና ነኝ። በአደባባይ መጻፌም እርስዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ ጅልነቴን ሰፈሩ ሁሉ ስላወቀው የምደብቀው ነገር ባለመኖሩ ነው።

ከከተማችን አውሮፕላን ማረፊያ ልጄ እስከምትኖርበት ከተማ ማረፊያ ርቀቱ ሁለት መቶ አሥር ኪሎ ሜትር፣ በረራውም ሠላሳ አምስት ደቂቃ መሆኑን በትልቁ ሰሌዳዎ ላይ ጽፈዋል። ልጄ ጋብቻዋን በማዘጋጃ ቤት የምትፈርመው ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ሲሆን፣ ከእኔ የፈለገችው አጠገቧ ቆሜ በምስክርነት እንድፈርምላት ብቻ ነበር። የባለቤቴ ወንድም ዓርብ በአውቶቡስ አብረን እንሂድ ብሎ ቢለምነኝ፣ የተማሪ ደብተር ገልብጬ ርቀትን ለፍጥነት አካፍዬ አሳየሁትና፣ አምስት ሰዓት መንገድ ላይ መንገላታት ስሌት ያልገባው ሰው ሥራ መሆኑን በባለቤቴ ፊት አስረዳሁት። እሱም ሻንጣውንና እህቱን ይዞ ሄደ።

እንግዲህ ውለታዎን በቅደም ተከተል ላቅርብ፦

፩. የጠዋቱ የሦስት ሰዓት በረራ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ እንደሚነሳ አሥራ አንድ ጊዜ በድምፅ ማጉያ ስላበሠሩን አመሰግናለሁ። ጥቂት የሚባለው ቁጥር ስንት እንደሆነ እኔ እስካሁን አላውቅም ነበር።

፪. አውሮፕላኑን በመስታወቱ እያየሁ፣ ክራቫቴን እያሰርኩና እየፈታሁ አምስት ሰዓት እንድቀመጥ ስለፈቀዱልኝም እንዲሁ። ልጄ ስድስት ሰዓት ላይ ደውላ የት እንደደረስኩ ስትጠይቀኝ፣ የሠላሳ አምስት ደቂቃ መንገድ ብቻ እንደቀረኝ ነገርኳት፤ ሰባት ሰዓት ላይ ስትደውልም ያንኑ ደገምኩላት። ሁለቴም አልዋሸሁም።

፫. ስምንት ሰዓት ላይ ተነስተን በሠላሳ አራት ደቂቃ ስላደረሱኝ ደግሞ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ያተረፉልኝን አንድ ደቂቃ፣ ሰባት ተኩል ላይ በተዘጋው ማዘጋጃ ቤት በራፍ ከጥበቃው ጋር ቆሜ ጨረስኳት።

አራተኛም ነበረኝ፤ እሱ ግን የእኔው ጥፋት ነው። መዝገቡ ላይ በእኔ ቦታ የፈረመው የባለቤቴ ወንድም ነው። ልጄ አልተቆጣችም፤ ክራቫቴን አስተካክላ ሳመችኝ፣ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ስንመለስም አውቶቡስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ያለውን ወንበር የለቀቀልኝ ያው ሰው ሲሆን፣ ስለ ርቀትና ስለ ጊዜ ትንፍሽ አላለም።

ለልጁ መመስከር ስላልሆነለት የሰሌዳዎን ትክክለኛነት የሚመሰክርልዎ፣
ምንጊዜም ቀድሞ የደረሰ የሚመስለው፣
የሒሳብ መምህሩ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በዚህ ሳምንት ፈተና ላይ ርቀቱንና ፍጥነቱን ሰጥቼ፣ ሦስት ሰዓት ላይ የሚሳፈር አባት ልጁ ዘንድ መቼ እንደሚደርስ ጠየቅሁ። አርባ ሁለት ተማሪዎች በእርስዎ ሰሌዳ መሠረት ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ብለው መለሱ። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ግን «ከፈረሙ በኋላ» ብላ ጻፈች። ሙሉ ማርክ ያገኘችው እሷ ብቻ ናት።