የወንዙን ቁጥር ሰርቀሻል ላሉኝ ኃላፊ

ይድረስ ለተከበሩ የተፋሰሱ የውሃ መረጃ ማዕከል ኃላፊ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የድረ ገጽዎ ቁልፍ እንደምን ከርመዋል? እኛ በከሚሴና በጨፋ ከጎርፉ የተረፍነው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን።

እኔ ረቢአ በሽር የግብርና ባለሙያ ነኝ። በነሐሴ መጀመሪያ «መረጃ ዘራፊ» የሚል ማዕረግ በማኅተም ስለሰጡኝ እያመሰገንኩ፣ ሕዝቡ ዘረፋዬን በዝርዝር እንዲያውቀው ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የመግቢያ ስሙንና የይለፍ ቃሉን በሥልጠና ቀን የሰጠኝ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው። ድረ ገጹ የቦርከና ወንዝን የውሃ ከፍታ በአንድ ገጽ የአንድ ቀን ብቻ ስለሚያሳይ፣ የሦስት ዓመቱን ለማየት ከሺህ በላይ ገጾች መክፈት ነበረብኝ። ስለዚህ በራሴ የይለፍ ቃል ገብቶ ገጾቹን በየተራ የሚያወርድ አጭር ኮድ ጻፍኩ። ያልተፈቀደልኝን አንድ ገጽ እንኳ አልነካሁም።

፪. ከቁጥሮቹ የተረዳሁት ቀላል ነገር ነው፤ ከጨፋ በላይ ያለው መለኪያ ሦስት ሜትር ካለፈ፣ ከግማሽ ቀን በኋላ ሸለቆው በውሃ ይሞላል። በሐምሌ ሁለት ጊዜ ወደ ጨፋ ሮቢት ደውዬ ሰዉ ከብቱን በጊዜ አወጣ። የዚያው ቀበሌ ከብት አርቢዎች አሚርና ባለቤቱ ዘሃራ አንዲት ጥጃ እንኳ አልጠፋባቸውም።

፫. እርስዎ ግን የይለፍ ቃሌን ዘጉ፤ የወሰድኩትንም «እንድመልስ» አዘዙ። አልበቃ ብሎዎት፣ ለአሥራ አንድ ዓመት በየማለዳው ወንዝ ወርደው መለኪያውን የሚያነቡትን ሼህ ዓብዱልመጂድን፣ ያነበቡትን ለማንም እንዳይናገሩ በጽሑፍ አስጠነቀቁ።

፬. ነሐሴ ፲፬ ማለዳ ሼህ ሦስት ሜትር ከአርባ አንብበው፣ እንደታዘዙት ለእርስዎ ብቻ ላኩ። ቁጥሩ ድረ ገጽዎ ላይ በሰላም ተቆልፎ ዋለ። ከቀትር በኋላ አሚር ላሞቹን ሊያወጣ ውሃው ውስጥ ገባ። አስከሬኑ የተገኘው በሁለተኛው ቀን ነው።

ለቅሶ ስደርስ ዘሃራ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ጠዋት ታውቆ ነበር?»

«አዎ፣ ታውቆ ነበር» አልኳት።

ክቡር ሆይ፣ አሁን ሼህ ዓብዱልመጂድ ማስጠንቀቂያዎን አጥፈው ኪሳቸው ከተው፣ በየማለዳው መጀመሪያ ለእኔ፣ ቀጥሎ ለእርስዎ ይደውላሉ። ይህንንም ከነስማቸው እንድጽፍ ያዘዙኝ ራሳቸው ናቸው። ሊከሱን ከፈለጉ ሁለታችንንም በአንድ መዝገብ ያድርጉልን፤ የመሥሪያ ቤትዎን ወረቀት ላለማባከን ነው።

መረጃን ከሚፈልገው ሰው ሁሉ በመጠበቅ ላሳዩት ትጋት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ አላህ ለጥያቄው ቀን መልስ ያዘጋጅልዎ ዘንድ እለምናለሁ።

የይለፍ ቃል የሌላት አገልጋይዎ፣
ረቢአ በሽር
ከሚሴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ማክሰኞ የማዕከልዎ ባለሙያ ደውለው፣ ኮምፒውተራችሁ ተበላሽቶ የሁለት ዓመት ንባብ እንደጠፋ ነግረውኝ፣ ያወረድኩት ቅጂ ካለኝ እንድልክላቸው በትሕትና ለመኑኝ። ልኬላቸዋለሁ። ትእዛዝዎ ይኸው ተፈጸመ፤ የወሰድኩትን መልሻለሁ።