ከደኑ ጋር የምትዋሰነው መሬቴ

በአገራችን በቢክራም ዘመን አቆጣጠር በሁለት ሺህ ሰባ አምስት ዓመት፣ በፋጉን ወር በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ በካፋልዳንዳ መንደር በገዛ ቤቴ።

እኔ ናርጂት አሌ፣ የሰባ ስምንት ዓመት ሰው፣ ሳንባዬ የደከመ ልቡናዬ ግን ያልደከመ፣ የማንንም ፊት ሳላይና ማንም ሳይጎተጉተኝ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። የሚጽፈው የወረዳው ጸሐፊ ቶፕላል ነው። የምናገረውን ሁሉ፣ ሰው ጣልቃ ገብቶ የሚናገረውንም ጭምር፣ ሳያሳምር እንዲጽፍ አዝዤዋለሁ። ምስክሮቼ ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ሁለቱንም ልጆቼን ያዋለደች ቺጃማያ ፑን ናት። ሁለተኛው የደን ማኅበራችን ሊቀ መንበር ሀርካቢር ራና ነው። እሱን ወድጄ አልጠራሁትም። ነገሩ ደኑን ስለሚነካ ኋላ ክርክር እንዳይነሳ ብሎ ጸሐፊው ስላስቸገረኝ ነው።

አንደኛ። ቤቱና ከቤቱ በታች ያሉት ሁለት የዳጉሳ እርከኖች በማሌዢያ በዘበኝነት ለሚሠራው ለልጄ ለቴጅማን ይሁኑ። በየዓመቱ "ዘንድሮ እመጣለሁ" ይላል። ሲመጣ የሚገባበት አይጣ።

ሁለተኛ። የምትታለበው ጎሽ ከነጥጃዋ ለልጄ ለቴክማያ ትሁን። ሣሯን ያጨደችላት፣ ወተቷን ያለበችው እሷ ስለሆነች ወንድሟ ድርሻ እንዳይጠይቅባት።

ሦስተኛ። በማኅበሩ ቤት ግድግዳ ላይ የሟች ባለቤቴ የሱንታሊ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ከሀርካቢር አጠገብ ቆማለች። ያ ፎቶግራፍ ወርዶ ለቴክማያ ይሰጥ።

እዚህ ላይ ሀርካቢር እንዲህ አለ፦ "ኧረ ዳይ! ፎቶው ላይ እኮ አሥራ አንድ ሰው አለ።" በዕድሜ ስለምበልጠው ዳይ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ይለኛል።

"ለእኔ የሚታየኝ ሁለት ሰው ብቻ ነው" አልኩት። ይህም ይጻፍ።

አራተኛ። የጠራኋችሁ ለዚህ ነው። ከመንደሩ በላይ፣ ከማኅበሩ ደን ግርጌ፣ የኡቲስ ዛፍ የበቀለባት መሬቴን ከአባቴ ወርሻታለሁ። ስፋቷ ትንሽ ነው። ነገር ግን ወደ ደኑ የሚወጣው መንገድ በእሷ ያልፋል፤ መንደሩ የሚጠጣው ምንጭም የሚፈልቀው ከእሷ ነው።

ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት መንግሥት ደኑን ለመንደሩ ሲያስረክብ አንድ የደን ባለሙያ መጣ። በትምህርት ቤቱ ግቢ ትልቅ ወረቀት ዘርግቶ "ምንጩ የቱ ጋ ነው? ከብት የት ይሰማራል? እሳት ከየት በኩል ይመጣል?" ብሎ ጠየቀ። እኛ ወንዶቹ ቀድሞ የሚናገር እየጠበቅን እርስ በርስ ተያየን። ሱንታሊ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ ወረቀቱ ላይ ተንበረከከችና አንድ በአንድ በጣቷ አሳየችው። ያን ጊዜ ሀርካቢር "እህታችን እያለች ወረቀት ምን ያደርግልናል?" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ያንን ሳቅ ከተጋባን ጀምሮ ቤቴ ውስጥ ሰምቼው አላውቅም። እኔም "ጫካውን አውቃ ቤቷን ረስታለች" አልኩ። የሳቀልኝ አልነበረም።

በዚያው ዕለት ሀርካቢር ሊቀ መንበር፣ ሱንታሊ ምክትል ሆነው ተመረጡ። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ መሬቴ በደኑ ዕቅድ እንድትካተት፣ እሳት እንዳይሻገር መግቻ መስመርም እንዲመነጠርባት ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ሦስቱንም ጊዜ ደብዳቤ በደን ጠባቂው እጅ ላኩልኝ፤ ሦስቱንም ሳልከፍት መለስኩ። ለመሬቴ ሳስቼ አልነበረም። ሱንታሊ ከስብሰባ ስትመለስ ፊቷ ይፈካ ነበር። የዳጉሳ ገንፎ እያገነፋች እንኳ "ሀርካቢር እንዲህ አለ፣ ሀርካቢር እንዲያ አለ" ትለኛለች። እኔ ምን እንዳልኩ ለማንም ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ እሱ የሚፈልገውን ነገር በእጄ ይዤ መከልከል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ይኸው ነው።

ከአሥር ዓመት በፊት በቻይት ወር፣ ሁሉ ነገር በደረቀበት፣ እሳት ተነሣ። ማኅበሩ ዙሪያውን መግቻ መንጥሮ ነበር፤ መግቻው የተቋረጠው በእኔ ድንበር ላይ ብቻ ነው። እሳቱም በዚያው ገባ። መንደሩ ሁሉ እርጥብ ቅርንጫፍ ይዞ ወጣ። እኔም ወጣሁ። ነገር ግን በጭሱ ውስጥ ሱንታሊና ሀርካቢር ጎን ለጎን ሆነው እሳቱን ሲመቱ አየኋቸውና ባለሁበት ቀረሁ። ደኑ እየነደደ እኔ በሁለቱ መካከል ስንት እርምጃ እንዳለ እለካ ነበር። የደኑ ሲሶ ወደመ። የሰባት ቤት ከብት መኖ አጣ።

በማግስቱ በተደረገው ስብሰባ ሰው ሁሉ በእኔ ላይ ጮኸ። ሱንታሊ ብድግ ብላ "መሬቱ የቤታችን ነው፤ ጥፋቱም የቤታችን ነው። ከምክትልነቴ አንሱኝ" አለች። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ማኅበሩ ቤት እግሯን አላነሣችም።

የተመኘሁት ሆነልኝ፤ ቤቷ ዋለች። ከሰዓት በኋላ በርጩማዋን ደጅ አውጥታ ወደ ጠቆረው ተራራ ፊቷን አዙራ ትቀመጥ ነበር። "ምን ታያለሽ?" ስላት "ምንም፣ የቴጅማን አባት" ትለኛለች። አራት ዓመት እንዲህ ኖረን ጉበቷ ታመመና ሞተች። ዝምታዋ ሲከብደኝ ምነው ያንን የሀርካቢርን ስም አንድ ጊዜ በጠራችው ብዬ የተመኘሁበት ቀን ነበር።

ስለዚህ መሬቷ የቴክማያ ትሁን። መንገዱና ምንጩ፣ እንዲሁም ለእሳት መግቻ የሚሆን ወርዱ አሥር እርምጃ የሆነ መሬት፣ በማኅበሩ ዕቅድ ይግቡ። ነገር ግን ዕቅዱ በታደሰ ቁጥር ቴክማያ ሳትጠየቅና ሳትስማማ አንድ ዛፍ አይቆረጥ። ዓምና በማኅበሩ እንድትመረጥ ሲጠይቋት ጮኼ ከልክያት ነበር። አሁን ፈቅጄላታለሁ። ድንበሩን ግን ሀርካቢር እንዳይለካ።

"ምን ልለካ ብለህ ነው ዳይ?" አለ ሀርካቢር። "ጉልበቴ እንኳን ተራራ ደረጃም አያስወጣኝም።"

"አንተ ደግሞ አፍህን ያዝ፣ ሰውየው ይጨርስ!" አለችው ቺጃማያ።

እኔ ግን ሳልጠይቀው ልሞት አልፈለግሁም። በሁሉም ፊት "ሱንታሊን ትወዳት ነበር ወይ?" አልኩት።

ቶፕላል ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ አነሣ። "ጻፍ" አልኩት።

ሀርካቢር ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። "እወዳት ነበር" አለ። "እሷ አታውቅም። አንድ ቀንም ነግሬያት አላውቅም። ግን እኔ የበደልኩህ በዚህ አይደለም።"

"በምንድን ነው?"

"ዕቅድ በመጣ ቁጥር ሱንታሊ አንድ ነገር ትለን ነበር። 'ያንን ሸንተረር ከባሌ በላይ የሚያውቅ የለም። ምንጩን ለእኔ ያሳየኝ እሱ ነው፤ ያኔ ወረቀቱ ላይ ያሳየሁትም እሱ ያስተማረኝን ነው። ደብዳቤ አትላኩበት። ደጁ ሄዳችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት፤ እሺ ይላችኋል' ትል ነበር። ሊቀ መንበሩ እኔ ነኝ፤ መሄድ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ስለ አንተ ስታወራ ፊቷን አይ ነበር። እግሬ እንቢ አለኝ፣ ዳይ። ደብዳቤ ላክሁ።"

ቴክማያ በር ላይ ቆማ ነበር። "አባዬ!" አለችኝ።

ሃያ ሦስት ዓመት በዚህ ሰው ስቀና፣ እሱ በእኔ ሲቀና ኖሯል። ስለ እኔ የተናገረችውን ያን ሁሉ ቃል የሰማው እሱ ነው፤ እኔ አልሰማሁትም። አሁንም ቀናሁበት። ይህም ይጻፍ።

ከዚያ "ውጣ" አልኩት።

ቺጃማያ "ኧረ የገዛ ምስክርህን ታስወጣለህ!" ብላ ቆጣ አለች።

"ውጣና ከደጄ ቆመህ ጠይቀኝ" አልኩት። "ሱንታሊ እንደ ነገረቻችሁ አድርገህ።"

ሀርካቢር ግድግዳውን ተደግፎ ተነሣ። ቴክማያ ልትይዘው ብትሞክር እንቢ ብሎ በምርኩዙ ወጣ። ደጅ ሆኖ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት። "ናርጂት ዳይ፣ እኔ ሀርካቢር ነኝ። ስለ ኡቲሱ መሬት ልጠይቅህ መጣሁ። ለመንደሩ ብለህ ዕቅዱ ውስጥ ታስገባልን ዘንድ እለምንሃለሁ" አለ።

ፀሐይ ላይ ትንሽ አስቆምኩት። ከዚያ "እሺ፣ ግባ" አልኩት።

ቃሌ እዚህ ላይ አበቃ። ጸሐፊው ድምፁን ከፍ አድርጎ አንብቦልኝ፣ የጨመረውም የቀነሰውም እንደሌለ ሰምቼ የሁለቱንም አውራ ጣቶቼን አሻራ አኑሬያለሁ።

ተናዛዥ፦ ናርጂት አሌ (የቀኝና የግራ አውራ ጣት አሻራ)

አንደኛ ምስክር፦ ቺጃማያ ፑን (አሻራ)

ሁለተኛ ምስክር፦ ሀርካቢር ራና (ፊርማ)። ከደጅ ሆኜ የተናገርኩትም የእኔ ቃል ነው።

ጸሐፊ፦ ቶፕላል