ሳዮ ካልተመለሰች

ሰኞ፣ ጥር 4፤ ከምሳ በኋላ

ዛሬም ከካርቱኑ ሁለት ክፍል አየን። ዘሃራ ምንጣፍ ላይ፣ እኔ ወንበር ላይ። ከሥር የሚወጣውን እንግሊዝኛ እያነበብኩ በአማርኛ እነግራታለሁ። ካርቱኑ ያለበት ፍላሽ የልጃችን የሐያት ነው። በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ስትሄድ ትታው የሄደችው። ከባሕሩ ዳር አንዴ ደወለች። ከዚያ ወዲህ ድምፅ የለም።

አኒሜ የሚሉት የጃፓን ካርቱን ነው። ሳዮ የምትባል የዛሬ ዘመን ተማሪ ባቡር ስትጠብቅ ጉም ይውጣታል፤ ጥንት ዘመን፣ የሰይፍና የመናፍስት አገር ትገኛለች። እናቷ በዛሬው ዘመን ቀርታ በየቀኑ ጣቢያው ትቆማለች። ሐያት ለምን እንደወደደችው አሁን ገባኝ። አንተ ማስታወሻ፣ ይህን አልጻፍኩትም በል።

ሳዮ እዚያ ስኳር ድንች ስትበላ፣ ያኔ ስኳር ድንች ጃፓን አልገባም አልኩ። ዘሃራ ተቆጣች፦ «መምህር፣ ልጅቷ ርቧታል፤ ተዋት ትብላ!»

ረቡዕ፣ ጥር 6

እኛ ቤት ዱዓ ነበር። ሴቶቹ ለሐያት አሚን ሲሉ ዘሃራ «ለሳዮም» አለች። ጎረቤታችን ሐዋ «ሳዮ የማን ልጅ ናት?» አለች። «እንደኔ ያለች እናት አላት» አለች ዘሃራ። አሚን ተባለ። ሥዕል ናት ልል አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት።

ሰዉ ሲወጣ ዘሃራ ነገረችኝ። በልቧ ቆርጣለች። ሳዮ ወደ እናቷ ከተመለሰች ሐያት በሕይወት አለች ማለት ነው፤ ትጠብቃታለች። ካልተመለሰች ለሐያት ለቅሶ ትቀመጣለች። መጠበቅ አቃተኝ አለች።

ጮህኩ። ጮኼ አላውቅም። መርዶ የሚያረዱት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ያየ፣ የቀበረ ሰው ሲገኝ። ካርቱን ምስክር አይሆንም!

«ሽማግሌዎቹ የታሉ? አምጣቸዋ!»



ዓርብ፣ ጥር 8

ፍላሹ ላይ የመጨረሻው ክፍል የለም። ደስ አለኝ፤ እንዲሁ ይቅር። ዘሃራ ግን ወልድያ ሂድና አስጭን አለች። ቁርስ አልበላችም። ምሳም።

ቅዳሜ፣ ጥር 9፤ ሚኒባስ ውስጥ

ፊልም የሚጭነው ልጅ እኛ ከተማ መርሳ ያስተማርኩት ነው። «ቲቸር! እርስዎም አኒሜ ጀመሩ?» ብሎ ሳቀ። ሳይጭን ልየው አልኩ። ባንኮኒው ጋ ቆሜ ጨረስኩት።

አልተመለሰችም። ጉሙ ተከፈተላት። እዚያ ያለውን መንደር የሚጠብቅ ሌላ ሰው ስለሌለ ራሷ ወድዳ ቀረች። እናቷ ዝናብ ላይ ጃንጥላ ዘርግታ ቆማለች። አለቀ።

ሌላ መጨረሻ የለውም ወይ አልኩት። «ቲቸር፣ እኔ ነኝ እንዴ የሠራሁት?»

ጫነልኝ። አሁን ኪሴ ውስጥ ነው። ዘሃራ እንግሊዝኛ አታውቅም። ሳዮ በክረምት እመጣለሁ ትላለች ብል ማን ያርመኛል? አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። መርሳ ደረስን። ያ አላህ፣ መንገዱ ዛሬ እንዲህ ያጥራል?

እሑድ፣ ጥር 10፤ ጠዋት

ትናንት ከአሥር ሰዓት በኋላ ከፈትነው። ሳዮ የቀረችበት ቦታ ደረሰ። «በክረምት እመጣለሁ ትላለች» አልኩ። ዘሃራ ስክሪኑን ትታ ፊቴን እያየች ነበር።

«መምህር፣ ያለውን አንብብ።»

አነበብኩ። እስከ መጨረሻው መሥመር።

አላለቀሰችም። ሳዮ እኮ አልሞተችም አልኳት፤ ቀረች እንጂ በሕይወት አለች። ቀስ ብላ፦ «ጣቢያ ለቆመችው እናት ልዩነቱ ምንድን ነው?»

አሰብኩ። ዛሬም እያሰብኩ ነው።

ሰኞ፣ ጥር 11፤ ጠዋት

ዘሃራ ለለቅሶ ምንጣፉን ግቢ አወጣች። አጥፌ አስገባሁ። መልሳ አወጣች። አሁን ተቀምጣበታለች፤ ልነጥቃት አልችልም። ለሐዋ መልእክት ልካለች። ሰፈሩ ሰምቷል።

ቆርጫለሁ፤ እዚህ ይመዝገብ። እኔ አልቀመጥም። የግቢው በር ላይ እቆማለሁ። ለሚመጣው ሁሉ፣ ዘመድም ይሁን ሼህ፣ ሐያትን ማን አያት፣ የት፣ ማን ቀበራት ብዬ እጠይቃለሁ። አንድ ሰው ከመለሰልኝ ከዘሃራ ጎን እወድቃለሁ። ካልመለሱ ለቅሶ የለም፤ ወደየቤታቸው ይመለሱ። አብዷል ይበሉኝ። አባቷ ነኝ።

የሴት ድምፅ ከመንገድ። ሐዋ ናት፤ ደረቷን እየመታች። ከኋላዋም ሰው አለ፣ ብዙ ሰው። ልነሳ። መጀመሪያ የምጠይቃት…