በቃል ለተጠናው ንባብ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ትምህርት ቤታችንን ሊጎበኙ የመጡት እንግዶች ወደ ጎንደር ከተመለሱ ወዲህ የደም ግፊትዎ እንደተነሣ ሰምቻለሁና ከሁሉ አስቀድሜ ምሕረቱን እመኝልዎታለሁ። እኔ በእርስዎ ቸርነት ደኅና ነኝ፤ የስድስተኛ ክፍል ሳይንስ ከማስተማር አንሥተው የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ቁልፍ ያዥ ስላደረጉኝ ድምፄ እንኳ ዐርፏል። ምስጋናዬን በግል ባቀርበው እንዳያንስብዎ ሰው ሁሉ እንዲያነበው መርጫለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሥራ ክፍፍል ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ልጆቹ የሳይንሱን ትምህርት ከመጽሐፉ ራሳቸው አንብበው የገባቸውን በራሳቸው ቃል እንዲጽፉ ማድረግ ስጀምር፣ ቢሮዎ አስጠርተው «ንባብና ጽሕፈት የአማርኛ መምህሩ ሥራ ነው፤ አንቺ ሰሌዳው ላይ ጻፊ፣ እነሱ ይገልብጡ» አሉኝ። ስለዚህ ልጆቻችን በሚያምር እጅ ጽሑፍ ገልብጠው፣ ምን እንደጻፉ ሳያውቁ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። የሒሳብ መምህራችን አቶ አወቀም፣ መደመርና ማካፈል የሚችሉ ልጆች ጥያቄው በዐረፍተ ነገር ሲመጣ የሚወድቁት ማንበብ ስላቃታቸው መሆኑን ተረድቶ ማስነበብ ጀምሮ ነበር። የእኔን ዕጣ ካየ በኋላ ግን ወደ ጠመኔው ተመልሷል።

ሁለተኛ፣ ለእንግዶቹ ስላዘጋጁት ትርኢት። ተማሪዬ ሽታዬ ገና ፊደል ከፊደል እየገጠመች መሆኗን እየነገርሁዎት፣ ስለ አፈር መሸርሸር የሚናገረውን አንድ ገጽ በቃሏ እንድትይዝ አስጠኗት። በዕለቱ መጽሐፉን ዘርግታ እንደ ውኃ አወረደችው፤ እርስዎም አጨበጨቡ። አንዲት እንግዳ ደስ ብሏት የሚቀጥለውን ገጽ እንድታነብላት ለመነቻት። ሽታዬ ገጹን ገለጠች፤ የወባ ትንኝ ሥዕል ፊቷ ተደቅኖ ሳለ ያንኑ የአፈር መሸርሸር ከመጀመሪያው ጀመረችው። ክፍሉ ሳቀ። ልጅቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እንግዳዋ ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ «በቃሏ አስጠንተዋት ነው» አልሁ።

እንግዶቹ ሲሄዱ «ምነው አንቺ ልጅ፣ በሰው ፊት ታዋርጅናለሽ?» ብለው ጮኹብኝ። ስለ ልጅቱ ዕንባ አንድ ቃል አልወጣዎትም። ይህን በጨዋ ቋንቋ ልጽፈው ብሞክር አልሆነልኝም፤ ያን ቀን አስጠሉኝ፤ ዛሬም ያስጠሉኛል።

ሦስተኛ፣ ስለ አዲሱ ሥራዬ። ልጆቹ አንድ የሳይንስ መጽሐፍ ለሦስት ሲሻሙ፣ ለሁሉም የሚበቃው ዕቃ ቤት ውስጥ በገመድ እንደታሰረ አገኘሁት። «ልጆች ያበላሹታል» ተብሎ የተቆለፈ ነው፤ አይጦቹ ግን ፈቃድ አላቸው። ቁልፉን የሰጡኝ እርስዎ ነዎትና በየዕረፍቱ በሩን እከፍታለሁ፤ ልጆቹ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ያነባሉ፣ ይጽፋሉ። የአማርኛ መምህሩን ሥራ እንዳንነካ ስለ ወባ ብቻ እናነባለን።

ይቅርታ ጠይቂ ያሉኝን አልጠይቅም። ይቅርታ የሚገባት ሽታዬ ናት፤ ጠያቂውም እርስዎ ነዎት። ቁልፉን በፈለጉ ጊዜ ይውሰዱት፤ ክፍሌን ግን ይመልሱልኝ።

ዕቃ ቤትዎን ከአይጥ እንጂ ከልጆች የማትጠብቀው፣ ጠመኔው ከጣቷ ያልለቀቀው፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና አጭር ሥልጣን የምትመኝ፣

ሰርካለም ማንያዘዋል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከክፍል መነሣቴን የሚያውጀውን ባለ ማኅተም ማስታወቂያ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ስላስለጠፉልኝ አመሰግናለሁ፤ ከተለጠፈ ወራት ቢሆነውም ጽሑፉ አልደበዘዘም። ትናንት ጠዋት ሽታዬ ፊቱ ቆማ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ለተሰበሰቡት ልጆች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ከራስጌ እስከ ግርጌ አነበበችው። ማንም አላስጠናትም። ስምዎ ላይ ስትደርስም አልተደናቀፈችም።